የባሕር ማሽላ መርማሪው ዶክቶር ጆርጅ ቢድል

አባቶቻችን በቆሎን የባሕር ማሽላ ብለው መጥራታቸው ከባሕር ማዶ የመጣ እህል መሆኑን ስላወቁ ነው። ይህ እህል ዛሬ በኢትዮጵያ በምርቱ ብዛት ከእህል ሁሉ የቀደመ ሆኗል፤ ነገር ግን ከምን ዓይነት ሣር እንደ ተወለደ ሊቃውንቱ እንኳ ብዙ ዘመን ሲከራከሩበት ኖረዋል። ክርክሩ ወደ ፍጻሜው እንዲቀርብ ካደረጉት ሰዎች አንዱ፤ የገበሬ ልጅ የነበሩትና በኋላ የታላቅ ዩኒቨርሲቲ አለቃ የሆኑት አሜሪካዊው ዶክቶር ጆርጅ ቢድል ናቸው። አገር ለሚያስተዳድርና ሰፊ እርሻ ለሚያሳርስ ሰው ታሪካቸው ብዙ የሚጠቅም ነገር ስላለበት ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ ተጽፏል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዶክቶር ቢድል በ1903 ዓ.ም. በአሜሪካ በነብራስካ ግዛት፤ ዋሁ በምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ተወለዱ። የአባታቸው እርሻ 40 ኤከር፤ ይኸውም 16 ሄክታር ያህል ስለ ነበረ የአንድ ጋሻ እኩሌታ እንኳ አይሞላም ነበር። አባታቸው ልጁ እርሻውን እንዲይዝ እንጂ በትምህርት እንዲገፋ አላሰቡም፤ ለገበሬ ይህን ያህል ትምህርት አያስፈልገውም የሚል አሳብ ነበራቸውና። ነገር ግን ቤስ ማክዶናልድ የተባሉት የሳይንስ መምህርት የልጁን አስተዋይነት አይተው ወደ እርሻ ኮሌጅ እንዲገባ መከሩት። ምክራቸውም ተሰማ፤ ቢድል በሊንከን ከተማ በነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1926 ዓ.ም. ተመረቁ። በዚያም የስንዴን መዳቀል በመመርመር የዘርን ውርስ ጥናት ጀመሩ።

ከዚያም ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሄደው ስመ ጥሩ የበቆሎ ሊቅ ከነበሩት ከፕሮፌሰር ሮሊንስ ኤመርሰን ዘንድ ተማሩ፤ በ1931 ዓ.ም. የዶክቶርነትን ማዕርግ ተቀበሉ። በኮርኔል ሳሉ ቴዎሲንቴ የሚባለውን የሜክሲኮ ዱር ሣር ከበቆሎ ጋር ያዳቅሉ ነበር። የቴዎሲንቴ ራስ እጅግ ትንሽ ነው፤ ጥቂት ፍሬ ብቻ ይይዛል፤ እያንዳንዱም ፍሬ እንደ ድንጋይ በጠነከረ ሽፋን ውስጥ ተዘግቷል። ቢድል ግን ይህ ሣር የበቆሎ እናት ነው ብለው በ1939 ዓ.ም. ጻፉ፤ ፍሬውም በእሳት ሲቆላ እንደ ፈንዲሻ ስለሚፈነዳ የጥንት ሰዎች ሊበሉት ይችሉ እንደ ነበር አሳዩ። ፕሮፌሰር ፖል ማንግልስዶርፍ የተባሉት ሌላው ሊቅ በቆሎ ከጠፋ የዱር በቆሎ የተገኘ ነው፤ ቴዎሲንቴም የበቆሎ ልጅ እንጂ እናት አይደለም ሲሉ ተቃወሟቸው።

ቢድል ለጊዜው ክርክሩን ትተው ወደ ሌላ ምርመራ አለፉ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከኤድዋርድ ቴተም ጋር ሆነው ኒውሮስፖራ የሚባለውን የዳቦ ሻጋታ በራጅ ጨረር እየመቱ፤ ዘሩን በየብልቃጡ ለይተው አሳደጉ። ብዙ መቶ ብልቃጥ መመርመር አስፈላጊ ነበር፤ በ299ኛው ላይ ቫይታሚን ቢ 6 ካልተሰጠው የማያድግ ሻጋታ ተገኘ። በ1941 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ሥራ፤ ጂን የሚባለው የውርስ ቅንጣት በሕያው አካል ውስጥ ምግብን የሚለውጠውን ኤንዛይም የሚያዝ መሆኑን አስረዳ። የኋላ ሊቃውንት ነገሩን ይበልጥ አጥርተው ቢያሻሽሉትም መሠረቱ ጸንቷል። ስለዚህም ቢድልና ቴተም ከጆሽዋ ሌደርበርግ ጋር የ1958 ዓ.ም. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ሹመት ግን ዋጋ አስከፈላቸው። በ1946 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የሥነ ሕይወት ክፍል አለቃ ሲሆኑ፤ አስተዳደርንና ምርመራን አጣምሮ በሚገባ መሥራት እንደማይቻል አይተው የገዛ ምርመራቸውን አቆሙ። በ1961 ዓ.ም. የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አለቃ ሆነው ተሾሙ። በዓመቱም በጥር ወር 1962 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በሚያከራያቸው ቤቶች ጥቁር ሕዝብ እንዳይኖር ይደረጋል ሲሉ ተማሪዎች በቢሯቸው ደጃፍ ተቀምጠው አቤት አሉ። አለቃው ልዩነቱ ቀስ በቀስ እንዲቀር እንጂ በአንድ ጊዜ እንዲቀር ስላልወሰኑ ብዙዎች ነቀፏቸው። ቢሆንም የመምህራኑን ቁጥርና የዩኒቨርሲቲውን ሀብት አሳድገው በ1968 ዓ.ም. ሹመታቸውን አስረከቡ።

ጡረታ የወጣ ሹም ዕረፍት ይፈልጋል፤ ቢድል ግን ከ30 ዓመት በፊት ወደ ተዉት የበቆሎ ክርክር ተመለሱ። በ1971 ዓ.ም. ከሌሎች መርማሪዎች ጋር ሜክሲኮ ሄደው የቴዎሲንቴ ዘር ሰበሰቡ። በቆሎንና ቴዎሲንቴን አዳቅለው ከሁለተኛው ትውልድ 50 ሺህ ያህል ተክል አሳደጉ፤ መረመሩም። ስሌታቸው እንዲህ ነው፤ ሁለቱን ተክሎች የሚለያቸው አንድ ጂን ቢሆን ኖሮ ከ4 የልጅ ልጆች አንዱ ፈጽሞ በቆሎን መስሎ በወጣ ነበር፤ ጂኖቹ 4 ቢሆኑ ከ256 አንዱ፤ 5 ቢሆኑ ከ1024 አንዱ ብቻ ይመስላል። የተገኘው ከ500 አንድ ያህል ስለ ሆነ፤ ዋናው ልዩነት ከአራት ወይም ከአምስት ጂን እንደማይበልጥ ተረዱ። ቢድል በ1989 ዓ.ም. ሞቱ። በ2002 ዓ.ም. የታተመ የዘር ምርመራም በቆሎ ከ9 ሺህ ዓመት ያህል በፊት በደቡብ ሜክሲኮ ከቴዎሲንቴ የተገኘ መሆኑን አጸና።

ከዚህ ታሪክ ለአስተዳዳሪ የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው። በሜክሲኮ ብዙ ገበሬ ቴዎሲንቴን እንደ አረም ነቅሎ ይጥለዋል፤ ነገር ግን በ1979 ዓ.ም. በይፋ የታወቀው፤ በየዓመቱ ሳይዘራ ከሥሩ የሚያቆጠቁጠው የቴዎሲንቴ ዓይነት የበቆሎን ልዩ ልዩ በሽታ የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የሚበቅልበት የማናንትላን ተራራ በ1987 ዓ.ም. በመንግሥት ጥበቃ ሥር ሆነ። በእኛም አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ገብስን አቢጭቶ የሚያቀጭጨውን በሽታ የሚከላከል ጂን የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ የካሊፎርኒያም እርሻ ተጠቅሞበታል። የዱር ቡናም በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ይበቅላል።

እንግዲህ ደን ሲመነጠር፤ አሮጌ ዘር በአዲስ ዘር ሲተካ፤ የሚጠፋው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማስመርመርና ዘሩን ማስቀመጥ የሹም ተግባር ነው፤ አንድ ጊዜ የጠፋ ዘር በትእዛዝ አይመለስምና። ደግሞም ከገበሬ ልጆች መካከል አስተዋዩን ለይቶ ወደ ትምህርት ቤት መላክ ይገባል። ቤስ ማክዶናልድ ያን የገበሬ ልጅ ባይመክሩት ኖሮ፤ እነዚያን 50 ሺህ ተክሎች በትዕግሥት የሚመረምር ሌላ ሰው መቼ ይገኝ እንደ ነበር አይታወቅም።