ልብ ወለድ ማቀጃ ሶፍትዌር ዋጋው ስንት ነው?

አንድ የመርካቶ ነጋዴ የሃያ ዓመት የንግድ ሕይወቱን መነሻ አድርጎ ልብ ወለድ ሊጽፍ አስቧል እንበል። ሱቁን ዘግቶ፣ የዕለቱን ሒሳብ አስልቶ፣ እራቱን በልቶ ሲያበቃ ለጽሑፉ የሚተርፈው ጊዜ አንድ ሰዓት ነው። ታሪኩ በጭንቅላቱ ውስጥ አለ። ወረቀት ላይ ሊያሰፍረው ሲነሳ ግን የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል ይጠፋበታል። በዚህ መሐል ልብ ወለድን የሚያቅዱና የሚያደራጁ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች እንዳሉ ይሰማል። ነጋዴ ነውና ጥያቄው የታወቀ ነው፤ ዕቃው ምንድን ነው? ስንት ያወጣል? ያዋጣል ወይ?

ገበያው ምን ይዟል?

በዚህ ገበያ ስሙ ጎልቶ የሚጠራው ስክሪቭነር የተባለው ፕሮግራም ነው። የሠራው ኪት ብላውንት የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ልብ ወለድ ለመጻፍ ተነስቶ ለሥራው የሚስማማ መሣሪያ ቢያጣ የፕሮግራም አሠራር ተምሮ የራሱን አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለማክ፣ በ2011 ደግሞ ለዊንዶውስ ለገበያ ቀረበ። ዋጋው 60 ዶላር ገደማ ነው፤ ክፍያውም የአንድ ጊዜ ነው። በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚያስከፍሉ ሌሎች ፕሮግራሞችም አሉ። ሱቅ ገዝቶ በመሥራትና ተከራይቶ በመሥራት መካከል ያለውን ልዩነት ለአንባቢያችን ማስረዳት አያስፈልግም። ሳይመን ሄይንስ የተባለው አውስትራሊያዊ ደራሲና የፕሮግራም ባለሙያ የሠራው ዋይራይተር ደግሞ ለዊንዶውስ በነፃ ይገኛል።

ስክሪቭነር ልብ ወለዱን እንደ አንድ ረጅም ፋይል አይዘውም። እያንዳንዱ ትዕይንት ለብቻው ይቀመጣል። በግራ በኩል የምዕራፎቹና የትዕይንቶቹ ዝርዝር እንደ መጋዘን መዝገብ ተደርድሮ ይታያል። የማስታወቂያ ሰሌዳ በሚመስለው ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ ለየትዕይንቱ አንዳንድ ካርድ ይለጠፋል። በሦስተኛው ምዕራፍ የነበረውን የሸሪኮች ጠብ ወደ ሰባተኛው ለማዛወር ካርዱን ጎትቶ እዚያ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል። ሲያልቅ ሁሉንም አገጣጥሞ አንድ ረቂቅ አድርጎ ያወጣል።

ዝግጁ ቅጾች

ቴምፕሌት የሚባሉት ዝግጁ ቅጾች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ መዝገቦች ናቸው፤ የገጸ ባሕርይው ስም፣ መልክ፣ ጠባይ፣ የቤቱና የሰፈሩ ሁኔታ ይሞላባቸዋል። ሁለተኞቹ የታሪኩን ሂደት የሚያሳዩ ናቸው። አሜሪካዊው ብሌክ ስናይደር እ.ኤ.አ. በ2005 «ሴቭ ዘ ካት» በተሰኘው መጽሐፉ የፊልም ታሪክን በ15 እርከኖች ከፋፈለ። ጄሲካ ብሮዲ በ2018 ይህንኑ ለልብ ወለድ እንዲመች አድርጋ አቀረበችው። በዚህ ቅጽ መሠረት የባለታሪኩን ሕይወት የሚያናጋው ነገር ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ ላይ ይደርሳል፤ ትልቁ መታጠፊያ ደግሞ መሐሉ ላይ ይሆናል።

ራንዲ ኢንገርማንሰን ያስተዋወቀው ባለ 10 ደረጃ ዘዴም አለ። ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ከመጻፍ ይጀምራል። ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አንድ አንቀጽ፣ አንቀጹን ወደ ገጾች ያሰፋል፤ ከዚያም የትዕይንቶቹን ዝርዝር በሠንጠረዥ ያስቀምጣል።

እዚህ ላይ ነጋዴው ቆም ማለት አለበት። ሠንጠረዡ በኤክሴል የሚሠራ ነው፤ ኤክሴል ደግሞ ሒሳብ በሚይዝበት ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ ሊኖር ይችላል። ምዕራፍ፣ ቦታ፣ ቀን፣ ማን ከማን፣ በትዕይንቱ መጨረሻ ምን ተለወጠ፣ ስንት ቃል፤ ስድስት ዓምድ ይበቃል። ጄ.ኬ. ሮውሊንግ የሃሪ ፖተርን አምስተኛ መጽሐፍ ያቀደችው በእጅ በተሰመረና በእጅ በተጻፈ ሠንጠረዥ ነበር። ዊሊያም ፎክነር እ.ኤ.አ. በ1954 የታተመውን «ኤ ፌብል» የተሰኘ ልብ ወለዱን ዕቅድ በሚሲሲፒ ቤቱ የጽሕፈት ክፍል ግድግዳ ላይ ጽፎታል፤ ጽሑፉ ዛሬም እዚያው ይታያል። እንግዲህ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ሳይሞሉ ለፕሮግራም መክፈል ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

በአማርኛ ሲጻፍ

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ስለሆነም በስክሪቭነር በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ረቂቅ ግን መጀመሪያ ካልተለወጠ በቀር የማይነበብ የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይመጣል።

የቃላቱ ቁጥርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቅጾቹ የተሰሉት ለእንግሊዝኛ ነው። «አልመጣችልኝም» የምትለው አንዲት የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ትወስዳለች። ስለዚህ በእንግሊዝኛ 80,000 ቃል የሚፈጀው ታሪክ በአማርኛ ባነሰ ቁጥር ያልቃል። ከቅጹ የመቶኛውን ድርሻ ወስዶ የቃሉን ብዛት መተው ይሻላል።

ከአዲስ አበባ ለሚገዛ ሰው ክፍያው በዶላር ስለሆነ ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ እንደሚያስፈልግም ከወዲሁ ይታሰብበት። የትኛውንም ፕሮግራም ከመግዛት በፊት ደግሞ ጽሑፉን ወደ ወርድ ፋይል መልሶ ማውጣት መቻሉን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ሻጩ ቢዘጋ ደራሲው ንብረቱን ይዞ መውጣት አለበት።

ትክክለኛው ወጪ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ነጋዴያችን በምሽት አንድ ሰዓቱ 300 ቃል ቢጽፍ፣ 60,000 ቃል ያለው ረቂቅ በ200 ምሽቶች ያልቃል። ይህም ሰባት ወር ያህል ነው። አንዱን ወር የገጸ ባሕርያቱን የዓይን ቀለምና የትውልድ ቀን በቅጽ ሲሞላ፣ የካርዶቹን ቀለም ሲቀያይር ቢያሳልፈው፣ 9,000 ቃል ከስሯል። የ60 ዶላሩ ወጪ በዚህ ኪሳራ ፊት ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ ያለ ዕቅድ ጀምሮ 100ኛው ምሽት ላይ መንገዱ የጠፋበት ሰው ኪሳራ ከዚህም ይበልጣል። ዕቅዱ ያስፈልጋል፤ ግን ቀን ይቆረጥለት። ለሠንጠረዡ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ወደ ጽሑፉ።

ይህን ሻጮቹም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የተጀመረና ተሳታፊዎች በኅዳር ወር 50,000 ቃል እንዲጽፉ የሚጋብዝ ናኖራይሞ የሚባል ዝግጅት ነበር። አዘጋጁ ድርጅት በ2025 መዘጋቱን አስታውቋል። የስክሪቭነር ሻጭ ለዓመታት ለዝግጅቱ ተሳታፊዎች 20 በመቶ፣ 50,000 ቃሉን ለጨረሱት ደግሞ 50 በመቶ ቅናሽ ይሰጥ ነበር። ትልቁ ቅናሽ ለጨረሰ ሰው ነበር።

ስክሪቭነር ከመገዛቱ በፊት ለ30 ቀን በነፃ ይሞከራል። የሚቆጠሩት ፕሮግራሙ የተከፈተባቸው ቀናት ብቻ ናቸው፤ ሱቅ የበዛበት ሳምንት አይታሰብም። ነጋዴያችን ለቀኑ 300 ቃል ካለ፣ በ30ኛው ቀን 9,000 ቃል ሊኖረው ይገባል። ካለው ይግዛ፤ ገንዘቡ የትም አልወደቀም። ከሌለው ዶላሩን በኪሱ ይዞ ነገ ማታ በደብተር ይጀምር።