በከበሮ የሚታከም ንክሻ

በኢጣልያ ካርታ ላይ የጫማው ተረከዝ መስሎ የሚታየው ምድር ሳሌንቶ ይባላል፤ ይኸውም የፑልያ ክፍለ ሀገር ደቡባዊ ጫፍ ነው። ወይራና ትንባሆ የሚበቅልበት አገር ሲሆን፥ ድኻው ሕዝብ በባለርስት ማሳ ላይ በቀን ሥራ ሲያድር ኖሯል። በዚያ አገር የስንዴ አጨዳ በደረሰ ጊዜ አንዲት ሴት ድንገት ወድቃ ብትንዘፈዘፍ፥ ጎረቤቱ ሁሉ «ታራንታ ነከሰቻት» ይል ነበር። ታራንታ ሸረሪት ናት።

ቤተ ዘመድም ሙዚቀኞች ያስጠራል። ነጭ አንሶላ በወለሉ ላይ ይነጠፋል፤ ቫዮሊን፥ አኮርዲዮንና ታምቡሬሎ የምትባለው የእጅ ከበሮ ይመጣሉ። ሙዚቀኞቹ በሽተኛይቱን የሚያስነሣው ዜማ እስኪገኝ ድረስ አንዱን ትተው ሌላውን ይሞክራሉ፤ ዜማው ሲገኝ ተነሥታ ሸረሪቷን በእግሯ የምትረግጥ መስላ ለብዙ ሰዓት፥ አንዳንድ ጊዜም ለቀናት ትጨፍራለች። በዚህ ሙያ ስሙ የታወቀው በ2000 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) ያረፈው የናርዶው ሉዊጂ ስቲፋኒ፥ መተዳደሪያው ጸጉር አስተካካይነት ነበር።

ከዚያ በኋላ ምስጋና ይቀራል። ሰኔ 29 ቀን በእነርሱ አቆጣጠር የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል ነው፤ እኛ ሐምሌ 5 ቀን የምናከብረው ማለት ነው። በዚያን ዕለት የተነከሱት ሁሉ በጋላቲና ወደሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ጸሎት ይሄዱ ነበር፤ ይጮኻሉ፥ በመሠዊያው ላይ የሚወጡም አሉ፥ ከጕድጓዱም ውኃ ይጠጣሉ። ጳውሎስ ለምን ተመረጠ ቢባል፥ በመላጥያ ደሴት እፉኝት ነክሶት ምንም እንዳልጐዳው የሐዋርያት ሥራ ይናገራልና ነው።

በ1959 ዓ.ም. ኤርኔስቶ ዴ ማርቲኖ የተባለው ሊቅ የአእምሮ ሐኪምና የሙዚቃ ተመራማሪ ይዞ ወደ ስፍራው ወረደ። ከተነከሱት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ደግሞም ሕመሙ በየዓመቱ በዚያው ወራት ይመለሳል። የሸረሪት መርዝ ብቻ ቢሆን ቀን ቈጥሮ ባልተመለሰም ነበር። ሊቁ ታሪካቸውን ሲመረምር ያልተፈቀደ ፍቅር፥ ያልተወደደ ጋብቻና ኀዘን አገኘ። በ1961 ላሳተመው መጽሐፍ በርእሱ ያገባት «ሪሞርሶ» የምትለው ቃልም ጸጸትም ዳግም ንክሻም ተብላ ትተረጐማለች።

ይህን ስናነብ ዛር ትዝ ማለቱ አልቀረም። ነገር ግን ዛር ይለመናል፥ ይታረቁታል፤ ታራንታ ግን ትረገጣለች። ስለዚህ አንድ ናቸው ለማለት አንቸኩልም። የሚያሳዝነን፥ ብሶቷን በደጅ ልትናገር የማትችለው ሴት የምትጮኽባት አንዲት ቀን ብቻ የነበረቻት መሆኗ ነው፤ በዚያች ቀንም የከተማው ሰው እንደ ትርኢት ከብቦ ያያት ነበር።

ዛሬ ዜማው ከበሽታው ተለይቶ ይኖራል። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ ወር በሜልፒኛኖ ከተማ «የታራንታ ሌሊት» የሚባል ታላቅ የሙዚቃ በዓል ይደረጋል፤ እጅግ ብዙ ወጣት ፒትሲካ የተባለውን ጭፈራ ሲጨፍር ያነጋል። ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ቢሆንም ከበሮው በመጀመሪያ ለማን እንደ ተመታ ከሚጨፍሩት ስንቱ ያስባል? በጋላቲና ጕድጓዱ ተዘግቷል፤ ቤተ ጸሎቱን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ከውኃው አይቀምስም።