ግብሩ ገባ፤ የት ገባ?

ነገሩ የጀመረው በአንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ከወልድያ ወደ መርሳ ልሄድ ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዬ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ገባሁ። አራት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ማዕዘን ላይ የተደፉ ብርጭቆዎች። ሒሳብ ስከፍል ባለቤቷ መልስ ሊሰጡኝ ከመደርደሪያ ያወረዱት ቆርቆሮ ውስጥ ከብሩ ይልቅ ወረቀቱ በዝቶ አየሁ። በክር የታሰረ የደረሰኝ ነዶ ነው።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው እትዬ?»

«የከፈልኩት ነዋ ወንድምዓለም! የልጆቼን ፎቶ እንኳ እንዲህ አላስቀመጥኩም። መንግሥት የሰጠኝን ወረቀት ግን አንዷንም አልጣልኩ።»

ክሩን ፈትተው አንድ በአንድ ዘረጉልኝ። የገቢ ግብር አለ፣ የቦታ ኪራይ አለ፣ የጣሪያና ግድግዳ አለ፣ የንግድ ፈቃድ እድሳት አለ። የጽዳት፣ የስፖርት፣ የመንገድ መዋጮም አለ። «ስሙ ነው የሚለያየው፤ የሚወጣበት ኪስ አንድ ነው» አሉና ነዶውን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስኪ የት እንደገባ አንብብልኝ።»

አነበብኩ። ቀን፣ ስም፣ የገንዘብ መጠን፣ ፊርማ፣ ማኅተም። የት እንደገባ የሚል መስመር የለም። ሚኒባሱ ሞልቶ ጡሩንባ ነፋ፤ ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ተሳፈረ።

ብርጭቆ ቆጣሪዎቹ

የደረጃ «ሐ» ግብር እንዴት ይተመን እንደነበር ነጋዴ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የዓመት ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነውን የደረጃ «ሐ» ነጋዴ ከሒሳብ መዝገብ ነፃ አድርጎት ነበር። መዝገብ ከሌለ ግምት ይመጣል። ገማቾች በር ላይ ቆመው የቀን ሽያጭ ይገምቱ ነበር፤ ያ በሥራ ቀናት ተባዝቶ፣ ለዘርፉ በተቆረጠው የትርፍ መጠን ተሰልቶ ግብሩ ይወጣ ነበር። ክፍያው ከሐምሌ 1 እስከ 30 ነበር።

ገማቾቹ ወደ እትዬ ሻይ ቤት የመጡት ገበያ በዋለበት ቀን ነው። «ከሳምንቱ ሰባት ቀን መርጠው ገጠሬው ሁሉ ከተማ በወረደበት ቀን መጡ። አንደኛው ልጅ ብርጭቆዬን ቆጠረ። ወላሂ፣ አንድ ሁለት እያለ ቆጠረ! ብርጭቆ ስለበዛ ጠጪ በዛ ማለት ነው እንዴ? ጎረቤት ለቅሶ ሲሆን የማውሰውም እሱኑ ነው። ሰኔ ላይ ዝናብ ሲጥል፣ መንገድ ሲዘጋ ይምጣና ይቁጠር፤ ያን ጊዜ እኔና ዝንቡ ብቻ ነን።»

የአንድ ቀን ስህተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በምሳሌ እንየው። የቀን ሽያጭ 800 ብር ተገመተ፣ የሥራ ቀኑ 300፣ የትርፍ መጠኑ 15 በመቶ ነው እንበል። የዓመት ትርፉ 36 ሺህ ብር ይሆናል፤ በ2008ቱ አዋጅ የግብር መጠን ሲሰላ ግብሩ 3,690 ብር ነው። ገማቹ በገበያ ቀን መጥቶ 1,600 ብር ብሎ ከጻፈ ግን ትርፉ 72 ሺህ፣ ግብሩ 11,220 ብር ይሆናል። ግምቱ በእጥፍ ሲያድግ ግብሩ ከሦስት እጥፍ ያልፋል፤ ትርፉ ከፍ ሲል የሚጣልበት መቶኛም ከፍ ይላልና።

ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ላይ ይኸው የቀን ገቢ ግምት በኦሮሚያ ከተሞችና በአዲስ አበባ ሱቅ ያዘጋው አለምክንያት አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1395 የነጋዴውን ደረጃ ከሦስት ወደ ሁለት አውርዶ የአነስተኛውን ነጋዴ ጣሪያ ወደ 2 ሚሊዮን ብር ከፍ አድርጎታል። አነስተኛው ነጋዴ ከእንግዲህ በዓመት ሽያጩ ላይ ይከፍላል፤ ሽያጩን የማያውቅ ሰው ዘንድ ግን ያው የብርጭቆ ቆጠራ መምጣቱ አይቀርም።

በገማች ኮሚቴ ውስጥ የሠራ አንድ ወጣት አግኝቼ ነበር። «እኛም እዚሁ ነው የምንኖረው» አለኝ። «ዝቅ አድርጌ ብጽፍ ጉቦ በላ እባላለሁ፤ ከፍ ባደርግ ሰላምታ እነፈጋለሁ።» እትዬ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «ሰላምታውንስ አልነፈግሁትም፤ ሻይ ሲጠጣ ግን በደንብ አስከፍለዋለሁ።»

አንድ ቃል፣ ሁለት ግብር

ይህን ሳጠና አንድ ነገር ያዘኝና ከታሪክ መጽሐፍ ማህል መውጣት አቃተኝ። በቋንቋችን ግብር ማለት ሕዝብ ለገዢው የሚያስገባው ነው፤ ግብር ማለት ደግሞ ገዢው በአዳራሽ ለሕዝብ የሚያበላው ድግስ ነው። ገባር ግብር ያገባል፣ ንጉሥ ግብር ያበላል። ድግሱ ከገባሩ ጎተራ የወጣ ቢሆንም፣ ከበላተኛው የገባሩ ድርሻ ትንሽ ቢሆንም፣ ቃሉ ግን የሰጠኸው ተመልሶ በዓይንህ ይታያል የሚል ሐሳብ ያዘለ ይመስለኛል።

ወልድያ ያለችበት የየጁ ምድር ይህን ሒሳብ ከጥንት ያውቀዋል። ከሰሜን አሞሌ ጨው ይዞ ወደ ደቡብ፣ ከደቡብ ሌላ ሸቀጥ ይዞ ወደ ሰሜን የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ በየኬላው ይቀረጥ ነበር። ሹሙ በተለወጠ ቁጥር ቀረጡም ይለወጥ ነበር። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ በ1911 ዓ.ም. ከመሞቱ በፊት ጽፎት በኋላ በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ውስጥ ያነሣው አንዱ ነገር ይኸው የቀረጥ ሥርዓት አልባነት ነው። ራሱ የቀረጥ ሹም የነበረ ሰው ነውና የሚናገረውን ያውቃል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ግብር በአዋጅ መልክ መያዝ ጀመረ። ማዘጋጃ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 74/1937 ሕጋዊ ቁመና አገኙ። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ስሙም ዓላማውም አንድ የሆነ ግብር ታወጀ፤ የትምህርት ግብር ይባላል፣ ከመሬት ላይ ተሰብስቦ ለየጠቅላይ ግዛቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲውል የታሰበ ነበር። አፈጻጸሙ ሌላ ጣጣ ቢኖረውም ባላገሩ የከፈለበትን ነገር ስሙን ጠርቶ ሊጠይቅ ይችል ነበር።

አሥራትን ያስቀረውና በእርሻ ገቢ ግብር የተካው አዋጅ በ1960 ዓ.ም. ጎጃምን ያስነሣው በግብሩ ብዛት ብቻ አይደለም። ሰብሉን አይቶ የሚገምት እንግዳ ሰው ማሳው ላይ መቆሙ ራሱ ገበሬውን አስቆጣው፤ ገማቹ መሬቴን ሊወስድ ነው ብሎ ጠረጠረ። መንግሥት በመጨረሻ ውዝፉን ትቶ ወደኋላ አፈገፈገ። የጎጃሙን ገበሬና የእትዬን ብርጭቆ የሚለያቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት ነው፤ ጥርጣሬው ግን ያው ነው።

ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ፤ በዓመቱ በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደነገገ። እኛ የጣሪያና ግድግዳ የምንለው እሱን ነው። በዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ ከ1 እስከ 4.5 በመቶ እንዲጣል አዘዘ። ግምቱ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ኖረና አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. ስትከልሰው አገር ተንጫጫ። አሁን ደግሞ በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ መጥቷል፤ መነሻው የንብረቱ የገበያ ዋጋ 25 በመቶ ነው። ዝርዝሩንና ገንዘቡን ለክልልና ለከተማ የተወ በመሆኑ የነገው ጭቅጭቅ አዲስ አበባ ሳይሆን ወልድያና መርሳ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ነው።

ሰብሳቢው ሌላ፣ አጽዳቂው ሌላ፣ አውጪው ሌላ

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 በክልሉ ውስጥ ያለውን የግለሰብ ነጋዴ ግብር ለክልሉ ሰጥቶታል። ስለዚህ እትዬ የሚከፍሉት የገቢ ግብር አዲስ አበባ አይሄድም። ግን ሰፈራቸው ላይም አይቀርም፤ ቢያንስ እሳቸው በሚያስቡት መንገድ አይቀርም።

በወረዳ ፋይናንስ ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ ጡረተኛ እንዲህ አስረዱኝ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ወረዳዎች ከክልሉ ጥቅል ድጎማ ያገኛሉ። በጀቱ ሲደለደል ወረዳው ወይም ከተማው ይሰበስበዋል የተባለው መደበኛ ገቢ አስቀድሞ ይታሰባል፤ ድጎማው ቀሪውን ይሞላል። የተገኘው ገንዘብ አብዛኛው ለመምህሩ፣ ለጤና ባለሙያው፣ ለግብርና ባለሙያው ደመወዝ ይውላል። «እሳቸው ግብር ሲጨምሩ የልጃቸው መምህር ደመወዝ አይጨምርም፤ ምንጩ ነው የሚቀየረው» አሉኝ።

ማዘጋጃ ቤታዊው ገቢ ግን ሌላ ቋት ነው። የቦታ ኪራይ፣ ሊዝ፣ የጣሪያና ግድግዳ፣ የቄራ፣ የቁም ከብት ገበያ፣ የመናኸሪያ፤ ይህ ከተማው ራሱ ለመንገድና ለፍሳሽ የሚያወጣው ነው። ሻይ ቤቷ ፊት ያለው የፍሳሽ ቦይ የሚጠብቀው ይህን ቋት ነው። ቋቱ ሲጎድል መዋጮ ይጠራል።

«ግብር ከፈልኩ፣ መንገድ የለም። መንገድ አዋጪ አሉኝ፣ አዋጣሁ። ድንጋዩ ሲነጠፍ እኔ በር ጋ ሲደርስ አለቀ። በጀት ዘጋ አሉ። በጀት በር አለው እንዴ የሚዘጋው?»

በነገራችን ላይ ወልድያ ላይ ሰው በኩራት የሚያሳየው ትልቅ ግንባታ፣ በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ስታዲየም፣ የሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስጦታ ነው። ስጦታ ሲሆን የሰጪው ስም በር ላይ ይጻፋል። ግብር ከፋይ ይህ ዕድል የለውም።

በጀት የሚጸድቀው በሐምሌ ነው፤ እትዬ ተሰልፈው በሚከፍሉበት በዚያው ወር። የሚያጸድቀው ምክር ቤት የሕዝብ ተመራጭ ነው ይባላል፤ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ግን በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2013ቱ ምርጫ በአማራ ክልል ድምፅ የተሰጠው ለተወካዮችና ለክልል ምክር ቤት እንጂ ለቀበሌና ለከተማ ምክር ቤት አልነበረም። በ2005 የተመረጠው ሰው ሲያጸድቅ ቆይቶ ቢሾም፣ ቢሸሽ ወይም ቢሞት መራጩ የሚጠይቀው ማንን ነው?

ጥያቄዬን ይዤ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ሁለት ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በሦስተኛው ተገኙ። ከመንገድ መዋጮው ምን ያህል ተሰበሰበ፣ ምን ያህሉ ድንጋይ ሆነ አልኳቸው። ወረቀት አስተካከሉ። «መረጃ የሚሰጠው የበላይ አካል ነው።» የትኛው የበላይ አካል? «እሱንም ለመናገር ሥልጣን አልተሰጠኝም።» ስወጣ ደጃፉ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ አየሁ። ከ1998 ዓ.ም. በኋላ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ዘመን የየወረዳው በጀት በቀላል ሠንጠረዥ ለሕዝብ እንዲለጠፍ ተሠርቶበት ነበር። እዚህኛው ሰሌዳ ላይ አራት ዝገት የበላቸው መርፌዎች አንዲት የወረቀት ጥግ ይዘው ቀርተዋል። ጽሑፉን ፀሐይ ወስዶታል።

የቀረው ደረሰኝ

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ገባ፤ ከተማዋ የተለቀቀችው በታኅሣሥ 2014 ነው። መርሳም የምትገኝበት የሀብሩ ወረዳም ከዚያ አላመለጡም። በ2015 ማብቂያ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ገበያ መታጠፍ ጀመረ። እትዬ ከስደት ሲመለሱ ሻይ ቤታቸው ባዶ ነበር። «ወንበሩ ሄደ፣ ጀበናው ሄደ፣ ብርጭቆውም ያ ሁሉ ተቆጥሮ ሄደ። ቆርቆሮዋን መሬት ላይ ደፍተው ደረሰኙን ትተውልኛል። ደረሰኝ የሚሰርቅ ሌባ የለም።»

ወደ ግምቱ ልመለስ፤ ግምት የበዛበት ሰው አቤት ማለት ይችላል። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ በ21 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ ከዚያ አልፎ ወደ ይግባኝ ኮሚሽን ለመሄድ ግን ከተከራከሩበት ግብር 50 በመቶ ማስያዝ ይጠይቃል። ሻይ ቤት ያለው ሰው ይህን አስይዞ አይሟገትም፤ ይከፍላል ወይም ፈቃዱን መልሶ በጓሮ ይነግዳል። ሁለተኛው ሲበዛ ገማቹ የቀሩት ላይ ይጨምራል።

ከመርሳ ስመለስ እትዬ ዘንድ ወረድኩ። የተማርኩትን ነገርኳቸው፤ ስለ ድጎማው፣ ስለ ሁለቱ ቋት። በጥሞና ሰምተው ሻዬን ቀዱ። «እንግዲያ መምህሩ በኔም ነው የሚበላው? ይሄንንኮ ቀድሞ ቢነግሩኝ እየተራገምኩ አልከፍልም ነበር።»

ፍርዴን ከእሳቸው ቃል እወስዳለሁ። እኚህ ሴት አልከፍልም ብለው አያውቁም፤ ነዶው ምስክር ነው። የጎደለው ከፋይ ሳይሆን ነጋሪ ነው። ገማቹ በምን ቀን፣ ምን ቆጥሮ እንደገመተ በጽሑፍ ይስጣቸው። ከተማው በሐምሌ ያጸደቀውን በጀትና ያሰባሰበውን መዋጮ በአንድ ገጽ አማርኛ ይለጥፍ። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ሰሌዳው ተሰቅሏል፣ መርፌውም አለ። የቀረው ወረቀቱ ነው።