የካራማራን ተራሮች በእግር ለመውጣት ለሚሹ ጎብኚዎች

ከሐረር በባቢሌ በኩል ወደ ጅግጅጋ የሚጓዝ መንገደኛ በዳካታ ሸለቆ አንዱ በሌላው ላይ የተቆለሉ ዓለቶችን ይመለከታል፤ ቀጥሎም የማርዳን ማለፊያ ተሻግሮ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ዓለቶቹ ለመውጣት የሚጋብዙ ቢመስሉም ከሩቅ ማየቱ ይበቃል።

ካራማራን ለመውጣት የሚሹ ጎብኚዎች ግን አስቀድመው በጅግጅጋ ከሚገኘው የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ስለ ጸጥታውና ስለ ተፈቀደው መንገድ መጠየቅ፣ ስፍራውን የሚያውቅ መሪም መያዝ ይኖርባቸዋል። ተራራው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ድል የተገኘበት የጦር ሜዳ እንደመሆኑ፣ ከተለመደው መንገድ መውጣት አደጋ አለው። የወዳደቀ ብረት ያገኘ ሰው ሳይነካ ለፖሊስ ያሳውቅ፤ ለማስታወሻ ብሎ ማንሳት ፈጽሞ አይገባም።

ለጉዞው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይመረጣል፤ የአካባቢው ሰው «ካራን» የሚለው የክረምት ዝናብ ሲጥል ዳገቱ ያዳልጣል። ውሃ ከከተማ ይያዙ።