የፍለጋ ውጤት ለምን ደከመ? ከነፋስ መውጫ የሶላት ወቅት እስከ «እስቴ»

ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ወጥቶ አዲስ አበባ ወይም ጅዳ የሚኖር ሰው ስለ አገሩ ጎግል ላይ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚመጣለት ሌላ ነገር ነው። «እስቴ»ን በላቲን ፊደል ከጻፈው በስፓኒሽ «ይህ» ማለት ነው፤ ጣሊያን ውስጥም በዚሁ ስም የምትጠራ ከተማ አለች። በእኛ ፊደል ቢጽፍ ደግሞ አንዱ ስማዳ፣ ሌላው ሲማዳ፤ አንዱ እስቴ፣ ሌላው ኢስቴ ይላል። ይህ የቆየ ችግር ነው። የከፋው ክፍተቱን የሚሞላው ነገር ነው።

ጎግል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲመሠረት ብዙ ገጾች የሚጠቁሙትን ገጽ ያስቀድም ነበር። ማስታወቂያ ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር ግን ለአንባቢ ሳይሆን ለፍለጋው ተብለው የሚሠሩ ገጾች በዙ። አንድ ፕሮግራም የዓለምን ከተሞች ዝርዝር ይወስድና ለእያንዳንዱ የአየር ጠባይ፣ የሆቴል፣ የሶላት ወቅት ገጽ ያወጣል። ነፋስ መውጫን የሚያውቅ ሰው እጁን አላስገባበትም። ጎግል ራሱ በመጋቢት 2024 እንዲህ በጅምላ የሚመረቱ ገጾችን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። ትልልቅ ከተሞች ላይ ሰው የጻፈው ስለሚበዛ ጉዳቱ ያንሳል። ስለ ወገዳ ወይም ስለ አርብ ገበያ የሚጽፈው ግን ጥቂት ነው፤ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ደግሞ እሱም ዝም አለ።

ለእኛ በተለይ የሚያሳስበው የሶላት ወቅት ነው። እነዚህ ገጾች ፈጅርን የሚያሰሉት ፀሐይ ከአድማስ በታች ባላት ዲግሪ ነው። የሰሜን አሜሪካው ስሌት 15፣ የዓለም ሙስሊም ሊግ 18፣ የግብፁ 19.5 ዲግሪ ይጠቀማል። በእኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ያህል ስለሆነ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል 18 ደቂቃ ገደማ አለ። በረመዳን ሱሑር ለሚበላ ሰው ይህ ትንሽ አይደለም! ዐስር ላይ ገጹ የሐነፊዎችን ስሌት ከመረጠ አንድ ሰዓት ያህል ይዘገያል። በዚያ ላይ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 6:30 ያለው መግሪብ በእኛ 12:30 ነው። አሁን ከውጤቶቹ በላይ የሚመጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መልስ የሚለቅመው ከእነዚሁ ገጾች ነው፤ የትኛውን ስሌት እንደወሰደ ሳይናገር አንድ ቁጥር ሊሰጥዎት ይችላል።

ሲፈልጉ የወረዳውን ስም በሁለቱም አጻጻፍ ይሞክሩ፣ «ደቡብ ጎንደር» ብለው ይጨምሩ። የሶላት ወቅት ከሆነ ገጹ የስሌቱን ስም መጻፉን ይዩና ከአካባቢው መስጂድ ሰሌዳ ጋር ያስተያዩት። ሁለት ገጾች መግሪብ ላይ ተስማምተው ፈጅር ላይ ከተለያዩ ልዩነቱ የስሌት ነው። መግሪብ ላይም በብዙ ደቂቃ ከተራራቁ ግን አንደኛው ነፋስ መውጫን ሌላ ቦታ አስቀምጧት ሊሆን ይችላል።