ልጅ ባሕር ሲሻገር፦ የማደጎ መንገድ ከስሜን እስከ ውጭ አገር

ከደባርቅ ወይም ከዳባት የተነሣ አንድ ሕፃን የአሜሪካ ወይም የስዊድን ቤተሰብ ልጅ እስኪሆን ድረስ ማን ምን መፈረም፣ ማንስ ከየት ወዴት መጓዝ እንደነበረበት አስባችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን የምናውቀው የነገሩን ሁለት ጫፍ ነው። በአንዱ በኩል የቸገራት እናት፣ በሌላው በኩል ቦሌ ላይ ሕፃን ታቅፋ ፈገግ ያለች ፈረንጅ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን መሀሉ ነው። ኑ፣ ከመጀመሪያው ጀምረን ደረጃ በደረጃ እንየው።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ይህ መንገድ ዛሬ ተዘግቷል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን ሲያሻሽል የውጭ አገር ሰው ኢትዮጵያዊ ልጅ በጉዲፈቻ (በማደጎ) እንዳይወስድ ከለከለ። አዋጅ ቁጥር 1070/2010 የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ግን ልጆች በብዛት ወደ ውጭ ከሚሄዱባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ሄደዋል። በዚያ ዓመት ወደ አሜሪካ በሄዱ ልጆች ብዛት ኢትዮጵያን የምትበልጣት ቻይና ብቻ ነበረች። ወደ ስፔን፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ጣሊያንና ወደ ሌሎችም አገሮች የሄዱት ደግሞ ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው።

ታዲያ ነገሩ እንዴት ይጀመር ነበር? አሳዳጊው ቤተሰብ የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጡ በፊት በገዛ ቤቱ ይመረመራል። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ እቤቱ ድረስ መጥታ ስለ ትዳሩ፣ ስለ ገቢው፣ ስለ ጤናው ትጠይቃለች፤ ልጁ የሚተኛበትን ክፍል ሳይቀር ታያለች። ከዚያ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ፣ ከፖሊስ የወንጀል ነፃ ወረቀት፣ የሐኪም ደብዳቤና የደመወዝ ማስረጃ በአንድ ፋይል ይሰበሰባሉ። ፋይሉን መጀመሪያ የራሳቸው መንግሥት፣ ቀጥሎ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሚኒስቴር ይደርሳል። በልጁም በኩል ሌላ ፋይል አለ። ቀበሌና ወረዳ ወላጆቹ እንደሞቱ ወይም ማሳደግ እንዳቃታቸው ይጽፋሉ፤ የሕፃናት ማሳደጊያው ልጁን ይረከባል። አንድ ቀን ለአሳዳጊዎቹ ፎቶና የጤና መግለጫ ይላክላቸዋል። ብዙዎች ፎቶውን ባዩ ቀን ወላጅ እንደሆኑ ይሰማቸዋል፤ በሕግ ግን ገና ምንም አልሆኑም።

ጉዞው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2010 አሳዳጊዎቹን ወክሎ የድርጅታቸው ሰው ፍርድ ቤት መቅረብ ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ራሳቸው እንዲቀርቡ ጠየቀ፤ የአሜሪካ ቤተሰብ ጉዞም ሁለት ጊዜ ሆነ። በመጀመሪያው መጥተው ልጁን ያያሉ፣ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ፣ ይጠየቃሉ። ዳኛው ከፈቀደ ልጁ በኢትዮጵያ ሕግ ልጃቸው ነው። ቢሆንም እዚያው ማሳደጊያው ትተውት ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ ፓስፖርትና የኤምባሲ ምርመራ ይቀራላ! ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ካለፉ በኋላ ለቪዛው ቃለ መጠይቅ ይመጣሉ፤ ይዘውት የሚበሩት ያኔ ነው። በመሀሉ ለልጁ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣለታል። እዚያ ላይ አንድ መስመር ልብ በሉልኝ፤ የአባት ስም በሚገባበት ቦታ የወለደው ሰው ስም ወጥቶ የአሳዳጊው ስም ገብቷል።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚረሳውን ሌላውን መንገደኛ አስቡት። ልጁን የምትሰጠው እናት ወይም አያትም መጓዝ አለባት። ከደባርቅ ብትነሣ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ አድርጋ ጎንደር ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከጎንደር አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ኤምባሲውም ይጠራት ይሆናል። ዳኛው፣ «ልጅሽን ለዘለቄታው እንደምትሰጪ ታውቂያለሽ?» ይላል። «አዎ» ትላለች።

ይህ «አዎ» ምን ማለት ነው? የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ አለ ብዬ አምናለሁ።

በእኛ አገር ልጅን ለሌላ ሰው አሳድግልኝ ብሎ መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። የገጠር ልጅ ለትምህርት ከተማ ወርዶ ከአክስቱ ወይም ከዘመድ ቤት ያድጋል። በሰሜኑ አገር ከባዕድ ጋር እንኳ የጡት ልጅና የጡት አባት መሆን የታወቀ ወግ ነበር። የክርስትና አባትም አለ። በእነዚህ ሁሉ ልጁ ተጨማሪ ወላጅ ያገኛል እንጂ የወለደችው እናት እናትነቷ አይቀርም። በዓል ሲሆን ይመጣል፣ ለቅሶ ሲሆን ይጠራል፣ ሲያልፍለት ይረዳል። የቤተሰብ ሕጋችንም ይህንኑ ይዟል፤ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በአንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደሚቀጥል ይደነግጋል። ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ግን አሳዳጊው ይቀድማል።

በአሜሪካና በአብዛኛው የአውሮፓ ሕግ ግን ጉዲፈቻ የቀድሞውን የዝምድና ሰንሰለት ይበጥሳል። የወለደችው እናት በሕግ ፊት ባዕድ ትሆናለች። ስለዚህ በአንድ ችሎት ሁለት ወገኖች በአንድ ቃል ተስማምተው ሁለት የተለያየ ነገር ይዘው ይወጡ ነበር። እናቲቱ፣ «ልጄ ተምሮ ይመለሳል፣ ደብዳቤ ይጽፍልኛል» ትላለች፤ አሳዳጊዎቹ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የእኛ ብቻ ነው» ይላሉ። ከሁለቱ አንዳቸውም አልዋሹም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «መርሲ መርሲ» የተባለው የዴንማርክ ዘጋቢ ፊልም ወላጆች ስለ ልጃቸው ወሬ ሲጠብቁ የሚደርስባቸውን ሐዘን ቤታቸው ድረስ ገብቶ አሳይቷል፤ ዴንማርክም እ.ኤ.አ. በ2016 ከኢትዮጵያ ልጅ መውሰድ አቁማለች።

ከዚህ ሁሉ 150 ዓመት ያህል ቀድሞ አንድ የስሜን የልጅ ልጅ ይህን የመሰለ መንገድ እንደሄደ ታውቃላችሁ? በጃናሞራ ደረስጌ ማርያም የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። ያሠሯት የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም ናቸው። በ1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን እዚያው ደረስጌ ድል አድርገው፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በኋላም የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ አባቱ በሞቱ ጊዜ ልጁ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱም ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ ታመው አረፉ።

የዓለማየሁ ነገር ጉዲፈቻ አልነበረም፤ ፈቃድ የሰጠ ወላጅ በሌለበት ድል አድራጊ ጦር የወሰደው ልጅ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። አማርኛ የሚያውቀው የእንግሊዝ መኮንን ካፒቴን ስፒዲ ሞግዚት ሆኖት ከዙላ በመርከብ ወደ ሱዌዝ፣ ከእስክንድርያም ወደ ፕሊማውዝ ወሰደው። ንግሥት ቪክቶሪያ አይታው ወደደችው። ልጁ ስፒዲን ሲለምድ፣ ሕንድ ድረስ አብሮት ሲሄድ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ከእሱ ለይቶ ለትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሰጠው። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ስለ ልጅ ልጃቸው ወሬ ለማግኘት ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ጽፈዋል። ልጁ ግን አገሩን ዳግም ሳያይ በ18 ዓመቱ፣ በ1872 ዓ.ም. ሊድስ ላይ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ። ኢትዮጵያ አፅሙ እንዲመለስላት ጠይቃለች፤ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ሌሎች አፅሞችን ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ አልተቀበለም። ልጁ የተወደደ፣ የተማረ፣ የተከበረ ነበር። ከወገኑ ጋር የሚያገናኘው ሰው ግን አልተገኘለትም።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ያልቃል ማለት አይደለም። ታዋቂው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን፣ በልጅነቱ ካሣሁን፣ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት ከእህቱ ጋር ወደ ስዊድን ሄደ። የጎተቦርጉ ቤተሰብ በፍቅር አሳደገው፤ ምግብ ማብሰልን የወደደውም ከስዊድናዊቷ አያቱ ሥር ሥር እያለ ነው። ካደገ በኋላ ግን ሞቷል ብሎ ያሰበው አባቱ በሕይወት እንዳለ ሰማ፤ መጥቶም አገኘው። የእሱ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረናል፤ የባዕድ ቤት ፍቅር እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ወረቀት ላይ «ወላጅ አልባ» የተባለ ልጅም አባት ሊኖረው ይችላል።

መንገዱን ያዘጋውም ይኸው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። ማሳደጊያዎችና ወኪሎች ገንዘብ ሲገባበት ልጅ ፍለጋ ገጠር መውረድ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሚኒስቴሩ በቀን እስከ 50 ያይ የነበረውን ፋይል ወደ 5 አወረደው። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ የሄደች የ13 ዓመት ልጅ በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ጭካኔ ሞተች፤ ሁለቱም ተፈረደባቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የአንድ አሜሪካዊ ድርጅት ሰዎች በኢትዮጵያ የጉዲፈቻ ሰነድ ማጭበርበር ተከሰሱ። የ2010 ዓ.ም. አዋጅ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ዛሬስ? መንገዱ ቢዘጋም ሁለት ሥራ በእጃችን አለ። አንደኛው ከሄዱት ልጆች ጋር ነው። ብዙዎቹ አድገው እየመጡ ነው። «ቤተሰብ ፍለጋ» የሚባለው የመረጃ ማኅደር የፈላጊና የተፈላጊን ስም እያገናኘ ነው። ምናልባት አንድ ቀን አማርኛ የማይችል ወጣት ደባርቅ መናኸሪያ ወርዶ የቀበሌ ስም የተጻፈበት ወረቀት ያሳያችሁ ይሆናል። ወደ ቀበሌው ውሰዱት፤ የቀበሌው ቁጥር ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል የድሮውን የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልጉለት። ዕድሜው በግምት የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከቀኑ ይልቅ የአያቱን ስም፣ የክርስትና ስሙን፣ ክርስትና የተነሣበትን ደብር ጠይቁ። ቤተሰብ ሆናችሁ የምትጠብቁም ካላችሁ፣ ያላችሁን ፎቶና ደብዳቤ ጠብቁ፤ የዘር ሐረጋችሁን ስሙ ሳይጠፋ ጻፉት።

ሁለተኛው ሥራ እዚሁ ቤታችን ነው። ሕጉ የከለከለው የውጭ አገር ሰውን እንጂ እኛን አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት፣ ጭና ድረስ ሲደርስ ወላጅ ያጡ ሕፃናት አሉ። አንድ የደባርቅ ወይም የጎንደር ቤተሰብ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ መሠረት ፍርድ ቤት ቀርቦ ልጅ ማሳደግ ይችላል። ፓስፖርት የለ፣ ቪዛ የለ፤ ልጁም ቋንቋውን፣ ደብሩን፣ የአባቱን ስም የሚያውቅ ሰው አያጣም። የምታሳድጉም ሁኑ የምትሰጡ፣ ፊርማ ከማስቀመጣችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ልጁ ወገኑን መቼ ያያል፣ ማን ይጠይቀዋል፣ ሲያድግ እውነቱን ማን ይነግረዋል? ሁለቱ ቤተሰቦች ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አንድ ዓይነት መልስ ካላቸው፣ ያ ልጅ ሁለት ወገን አለው።