«የእራት ሰዓት»፦ በሸክላ የተቀረጸ የእናት ኀዘን

ጃዝ ሲባል የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ብቻ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። እርስዎም እንዲህ የሚያስቡ ከሆነ፣ ዝነኛዋ ጥቁር አሜሪካዊት ድምፃዊት ኤላ ፊትዝጄራልድ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣችውን ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ቢያዳምጡ መልካም ነው። አልበሙ የታወቀውን የዘፈን ደራሲ ኢርቪንግ በርሊንን ለማክበር የተዘጋጀ ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት የግራሚ ሽልማት አስገኝቶላታል። አብዛኞቹ ዘፈኖች ስለ ፍቅርና ስለ ዳንስ ናቸው። በመካከላቸው ግን እናቶች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ዘፈን አለ፤ ርእሱም «የእራት ሰዓት» ማለት ነው።

አንዲት እናት ለልጆቿ ገበታ ትዘረጋለች። ባሏ ግን ከእንግዲህ ወደ ቤት አይመለስም። ልጆቹ ገና አልሰሙም። መርዶውን በምን አፏ ትንገራቸው? የዘፈኑ ጭንቀት ይኸው ነው።

ሰውየው በምን እንደ ሞተ ግጥሙ በግልጽ አይናገርም። ሆኖም በ1933 ኤተል ዋተርስ በኒው ዮርክ መድረክ ስታዜመው፣ ትርኢቱ በጋዜጣ አርእስቶች ላይ የተመሠረተ ስለ ነበር፣ ዘፈኑን ያስተዋወቀው አርእስት አንድ ጥቁር ሰው በተቆጡ ሰዎች መንጋ ያለ ፍርድ መገደሉን ያበስር ነበር። እንዲህ ያለው ግድያ በአሜሪካ ብዙ ቤት አፍርሷል። በፌዴራል ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ የተደነገገው ግን በ2022 ነው።

ደራሲው በርሊን ነጭ ቢሆንም ችግር ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። በ1888 በሩሲያ ግዛት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በ5 ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ። በ13 ዓመቱ አባቱ ሞተበት። ጋዜጣ እየሸጠና በመጠጥ ቤት እያዜመ አደገ። ኖታ በቅጡ ማንበብ ሳይችል ከ1000 በላይ ዘፈኖች ደርሷል።

የኤላም ልጅነት ከዚህ የተሻለ አልነበረም። እናቷ በ1932 ስትሞት ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ በሕፃናት ማሳደጊያና በጠባይ ማረሚያ አለፈች፤ መጠለያ አጥታ በጎዳና ያደረችበትም ጊዜ ነበር። በ1934 በሃርለም አፖሎ ቲያትር የጀማሪዎች ውድድር አሸንፋ የሙዚቃን መንገድ ጀመረች።

እንግዲህ እናቷን በልጅነቷ ያጣች ሴት የዚያችን እናት ዘፈን ስታዜም ያዳምጧት። አትጮኽም፤ ሙሾም አታወርድም። ቃሉን አንድ በአንድ ጥርት አድርጋ፣ በዝግታ ታወጣዋለች። ሳህን እየደረደረች እንባዋን የምትውጥ ሴት ፊትዎ ትቆማለች። ኀዘን ቢመጣም ልጅ መብላት አለበትና።

ዘፈን ሲሰሙ በዜማው ብቻ አይለፉ፤ ምን እንደሚል ይጠይቁ፤ ለልጆችዎም ያስረዷቸው። ስለ ፍርድ መጓደል የሚነገረው በአደባባይ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው በጎደለበት ገበታ ዙሪያም ይነገራል።